ከአስፋልት ለሚወጣ ጉዞ የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የብስክሌት ወሬ በዝቷል። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። በ2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ላይ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ገብቶ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር አገኘች። በዚህ መሀል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ድንኳንና ምግብ ጭኜ፣ ከከተማ ወጥቼ፣ ለቀናት ፒስታ መንገድ ላይ መንዳት ቢያምረኝ ምን ዓይነት ሳይክል ልግዛ?

ሱቅ ሲኬድ መልሱ ይምታታል። አንዱ ማውንቴን ይላል፣ ሌላው ግራቭል፣ ሦስተኛው ቱሪንግ። ኢንተርኔት ላይ ከገባችሁማ ነገሩ ይብስበታል። እኔ የምለው ስሙን ለጊዜው ተዉት። ብስክሌቱ ምን ያህል ሰፊ ጎማ ይቀበላል? የመጨረሻው ቀላል ማርሹ ምን ያህል ይቀላል? መንገድ ላይ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? እነዚህን ከመለሳችሁ ቀለሙን በፈለጋችሁት መምረጥ ትችላላችሁ።

## የቱር ደ ፍራንስ ዓይነት ብስክሌት ለምን አይሆንም?

እሱ የተሠራው ለስላሳ አስፋልት ላይ ለመፍጠን ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በጎዳና ውድድር ከ6.8 ኪሎ የቀለለ ብስክሌት አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ደንብ ያስፈለገው ፋብሪካዎቹ ከዚያም በታች ማውረድ ስለሚችሉ ነው። ቅለቱ ግን ዋጋ አለው። ጎማው ቀጭን ነው። የቸርኬው ሽቦ ጥቂት ነው። ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ የለውም። ማርሹም ለጠንካራ እግር የተመጠነ ነው።

የጉዞ ብስክሌት ባዶውን ከ13 እስከ 17 ኪሎ ቢመዝን አትደንግጡ። ሂሳቡ እንዲህ ነው። 70 ኪሎ ሰው፣ 15 ኪሎ ብስክሌት፣ 20 ኪሎ ዕቃና ውሃ ሲደመር 105 ኪሎ ይሆናል። ብስክሌቱን በሁለት ኪሎ ለማቅለል ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ከድምሩ የሚቀነሰው ግን ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። አንድ ጂንስ ሱሪና አንድ ትርፍ ጫማ ቤት ትታችሁ ብትወጡ ያንኑ ያህል በነጻ ትቀንሳላችሁ።

## ቱሪንግ፣ ግራቭል፣ ማውንቴን... ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቱሪንግ የሚባለው ነባሩ የጉዞ ብስክሌት ነው። ረዘም ያለ ፍሬም፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ፣ ብዙ ጊዜ የተቆለመመ መሪ አለው። ጭነት ሲበዛበት አይንገዳገድም። ቤቱ አስፋልት ነው፤ ጥሩ ፒስታም ይችላል። ድንጋይ ሲበዛ ግን የብዙዎቹ ጎማ ይጠብባቸዋል።

ግራቭል ከእሽቅድድም ብስክሌት የወጣ ነው። መሪው የተቆለመመ ነው፣ ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። ባለፉት አሥር ዓመታት ገበያውን ያጥለቀለቀው እሱ ነው። የራሱ የዓለም ሻምፒዮናም አለው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። ፈጣንና ቀላል ነው። ለከባድ ጭነት ግን ብዙዎቹ ማርሻቸው አይቀልም።

ሃርድቴይል የሚሉት ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ማውንቴን ብስክሌት ነው። ጎማው ከ2 እስከ 2.4 ኢንች፣ ማለትም ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሞላ ጨርሶ የሌለውም አለ፤ እሱን ሪጂድ ይሉታል። ፋትባይክ ደግሞ አራት ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ይዞ ለበረዶና ለአሸዋ የተሠራ ነው። መንገዳችሁ በረሃ ካልሆነ በቀር አስፋልት ላይ ሲገፋ ቀኑን ሙሉ ያማርራችኋል።

ድንበሩ ግን እየደበዘዘ ነው። ሳልሳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ካትስሮት የእሽቅድድም መሪና የማውንቴን ጎማ አለው። የታሰበው ቱር ዲቫይድ ለሚባለው ውድድር ነው። ውድድሩ ከካናዳዋ ባንፍ ተነስቶ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ድረስ 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳል። አብዛኛው ጠጠርና አፈር መንገድ ነው፤ ተወዳዳሪው ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ ያለ አጃቢ ይሄዳል። ታዲያ ካትስሮት ግራቭል ነው ወይስ ማውንቴን? ሻጩ እንደ ገዢው ይመልሳል።

## የት ነው የምትነዱት?

የሚመረጠው አማካዩን መንገድ አይቶ ሳይሆን ደጋግማችሁ የምትገቡበትን መጥፎ መንገድ አይቶ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አበሻ ከጆርጅታውን ተነስቶ በድሮው የቦይ ዳር መንገድ እስከ ፒትስበርግ ድረስ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመኪና ርቆ መንዳት ይችላል። መንገዱ አፈርና ደቃቅ ጠጠር ነው። ዳገቱም ለስላሳ ነው፤ ግማሹ የቦይ ዳር፣ ግማሹ የቀድሞ የባቡር ሐዲድ መስመር ስለነበረ። ለዚህ 40 ወይም 45 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ግራቭል ከበቂ በላይ ነው።

እስራኤል ያለ ሰው ከሚጽፔ ራሞን ወደ ኤይላት በሚወስደው የኔጌቭ በረሃ የብስክሌት መንገድ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድንጋይ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ውሃም እንደ ልብ የለም። እዚያ ማውንቴን ነው የሚያዋጣው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉም ይመጣል። ጠዋት አስፋልት፣ ረፋድ ላይ ኮረት፣ ከሰዓት የተቆፋፈረ ፒስታ፣ ማታ ወደ ማደሪያው ሲቃረብ ኮብልስቶን። ስለዚህ ለአገር ቤት ጉዞ ምርጫው ወደ ሰፊው ጎማ ያዘነብላል። (የጸጥታው ሁኔታ ከቦታ ቦታና ከወር ወር ስለሚለያይ፣ ከብስክሌቱ በፊት እሱን ማጣራት ግድ ነው።)

## ለምን ከጎማ ይጀመራል?

ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ይይዛል። ብዙ አየር ስለያዘ ጠንክሮ መነፋት አያስፈልገውም። ለስለስ ይላል፣ ድንጋዩን ይውጠዋል። ቀጭን ጎማ ግን ጠንክሮ ካልተነፋ ቸርኬው ድንጋይ ላይ ያርፍና ከመነዳሪው ሁለት ቦታ ይቀደዳል። 28 ሚሊ ሜትር የእሽቅድድም ጎማ ከ70 እስከ 90 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲነፋ፣ 2.2 ኢንች የማውንቴን ጎማ ዕቃ ተጭኖበትም ከ25 እስከ 35 ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ጎማ ጥርቅም ተደርጎ ሲነፋ ይፈጥናል" ይባላል። ለስላሳ አስፋልት ላይ በመጠኑ እውነት ነው። ጠጠር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የደደረ ጎማ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ሲደርስ ብስክሌቱንም ሰውየውንም ወደ ላይ ያነሳል። ወደ ላይ የባከነ ኃይል ወደፊት አይሄድም። ለስለስ ያለው ጎማ ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፤ እጅና ወገብም ያርፋሉ።

ሲገዛ ታዲያ አሁን የተገጠመለትን ጎማ ብቻ አትዩ። ፍሬሙና ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) እስከ ስንት ስፋት እንደሚቀበሉ ጠይቁ። ጎማ ነገ ይቀየራል፤ ፍሬም ግን አይሰፋም። ክፍተቱ ለጭቃም ያስፈልጋል። በክረምት የጎጃምን ወይም የጎንደርን ዋልካ የረገጠ ሰው ይገባዋል። ጭቃው ከጎማው ጋር ይዞርና ፎርኩ ሥር ይጠራቀማል። ጥቂት ሜትር ሳትሄዱ ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ በኋላ ተሸካሚው እናንተ ናችሁ። በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ ቢያንስ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ለዋልካ አገር ከዚያም በላይ። የጭቃ መከላከያውንም በክረምት ፒስታ ላይ አውልቆ መሄድ ይሻላል፤ ጭቃ የሚጠራቀምበት ዋናው ቦታ እሱ ነውና።

ቆላ ሲወረድ ችግሩ የግራር እሾህ ነው። ለዚህ የመጣው መፍትሔ ቲዩብለስ ይባላል። ከመነዳሪ የለውም። ጎማው ውስጥ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይደረጋል። እሾህ ሲወጋው አየሩ ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፣ ፈሳሹም እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ብዙ ጊዜ እንደተወጋችሁ እንኳ አታውቁም። ችግሩ ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ መድረቁ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጎማው ጎኑ ከተሰነጠቀም አይደፍነውም። ስለዚህ ቲዩብለስ የሚነዳም ሰው አንድ ሁለት ከመነዳሪ መያዝ አለበት።

ቫልቩም አለ። በብዛት የሚያጋጥመው የብስክሌት ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ፕሬስታ ይሉታል። ሌላው ወፍራሙ፣ የመኪናው ዓይነት ነው። የጎሚስታው መንፊያ የሚገጥመው በመኪናው ዓይነት ላይ ብቻ ነው። ውድ ብስክሌቶች ደግሞ አብዛኞቹ ቀጭኑን ይዘው ነው የሚመጡት። ከቀጭን ወደ ወፍራም የምትለውጥ ጣት ጫፍ የማትሞላ ማገናኛ አለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ሁለት ገዝታችሁ አንዷን ቦርሳ፣ አንዷን ኪስ ውስጥ አድርጉ።

## 26፣ 27.5 ወይስ 29 ኢንች?

ይህ ክርክር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባል ቦታ፣ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየያዙ ተራራ መውረድ ጀመሩ። ብስክሌቶቹ 26 ኢንች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐርን በብዛት አምርቶ ሲያወጣም መጠኑን አልቀየረም። ማውንቴን ብስክሌት በዓለም ሲሰራጭ 26 አብሮ ተሰራጨ። ለዚህ ነው ትንሽ ከተማ ውስጥ እንኳ 26 ጎማና ከመነዳሪ የሚገኘው። ዓለምን በብስክሌት የሚዞሩ ሰዎችም ለረዥም ጊዜ "ከ26 ውጪ ወይ ፍንክች" ይሉ ነበር።

ኋላ 29 መጣ። ትልቅ ስለሆነ ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል። 27.5 መሀል ላይ ቆመ። ፋብሪካዎቹም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ 26ን እየተዉት መጡ። ዛሬ ጥሩ የሚባል አዲስ ማውንቴን ብስክሌት በ26 ማግኘት ያስቸግራል። የሚገኘው በአብዛኛው ርካሹ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ከኢንቹ ሌላ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ተጽፏል። 559 ከሆነ 26 ነው፣ 584 ከሆነ 27.5፣ 622 ከሆነ 29። ይህን ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የጎዳና ብስክሌቶች 700ሲ የሚሉት ጎማም 622 ነው። ስለዚህ 29 እና 700ሲ አንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ። ልዩነታቸው ውፍረት ብቻ ነው። 29 ጎማችሁ ገጠር ውስጥ ቢቀደድና ከተማው ውስጥ የተገኘው ወፈር ያለ 700ሲ ቢሆን፣ እሱን አስገብቶ ቀስ እያሉ እስከ ቀጣዩ ከተማ መድረስ ይቻላል።

አጠር ያለ ሰው 29 ላይ ሊቸገር ይችላል። ፍሬሙ ሲያንስ ትልቁ ጎማ እግር ይነካል። ለእሱ ወይም ለእሷ 27.5 ወይም 26 ይስማማል። የኔን ከጠየቃችሁ፣ አገር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ለሚዞር ሰው ጥሩ ያገለገለ 26 ዛሬም ሞኝ ምርጫ አይደለም። አዲስ የሚገዛ ግን 29 ይግዛና አንድ የሚታጠፍ ትርፍ ጎማ ይያዝ።

## ስንት ማርሽ ይበቃል?

ብዛቱን ተዉት። 21 ማርሽ ያለው ርካሽ ብስክሌት 12 ብቻ ካለው ይልቅ ዳገት ላይ ሊከብድ ይችላል። የሚጠየቀው የፊቱ ትንሹ ባለ ጥርስ ክብ ስንት ጥርስ አለው፣ የኋላውስ ትልቁ ስንት አለው የሚለው ነው። የፊቱን ለኋላው አካፍሉት። ባለ 21ዱ ብዙ ጊዜ ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ነው፤ ውጤቱ 1 ይሆናል። ባለ 12ቱ ከፊት 32፣ ከኋላ 51 ቢሆን 0.63 ይመጣል። ለጭነትና ለተራራ 0.7 ወይም ከዚያ በታች ይፈለጋል።

ይህ ቁጥር እግር ላይ ምን ማለት ነው? 0.63 ያለው ባለ 29 ኢንች ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 1.4 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእግረኛ ፍጥነት። ከፊት 36፣ ከኋላ 30 ጥርስ ያለው የጎዳና ብስክሌት በዚያው አዟዟር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጥሩ ይመስላል። ግን በዚያ ፍጥነት ዳገት ለመውጣት ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል። ኃይሉ ከሌለ ወይ ቆማችሁ እየጨፈለቃችሁ ጉልበታችሁን ትጎዳላችሁ፣ ወይ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ።

ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ አስቡት። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዱት የቱር ዳፍሪክ ብስክሌተኞች በዚህ ሸለቆ እየወረዱ ወጥተዋል። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ግን ፈተናነቱ አልቀረም። ባሌ ላይ ሳነቲ ደግሞ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እግራችሁ ያው ቢሆንም ሳንባችሁ ይለምናል። ቀላል ማርሽ የሰነፍ አይደለም።

ማርሹ ሁሉ ኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተደበቀበት ብስክሌትም አለ። የጀርመኑ ሮሎፍ በዚህ ይታወቃል። 14 ማርሽ አለው። ጭቃና አቧራ አይገባበትም፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን መቀየር ነው። ዋጋው ግን የአንድ ጥሩ ብስክሌት ዋጋ ነው። ከተበላሸም መንደር መካኒክ የሚከፍተው ዕቃ አይደለም።

## ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን?

"ብረት ግዛ፣ በየትም መንደር ይበየዳል" የሚል የቆየ ምክር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ጥሩ የብረት ፍሬም የሚሠራው ክሮሞሊ ከሚባል የብረት ቅይጥ ስስ ቱቦ ነው። የበር ፍሬም የለመደ በያጅ በዚያው እሳት ከመጣበት ቱቦውን ሊበሳው ይችላል። ዕቃ መጫኛው ሲሰበር ግን ብረት ከሆነ በእርግጥ ይበየዳል። መንገድ ላይ ከፍሬሙ ይልቅ ቶሎ የሚሰበረውም እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ካጠረ ፍሬሙ አሉሚኒየም ይሁን፣ ዕቃ መጫኛው ብረት ይሁን።

የብረት ሌላው ጥቅሙ አሰባበሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ይንቋቋል፣ ጊዜ ይሰጣል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከተሰነጠቀ ግን መንገድ ላይ መጠገኑ ከባድ ነው። ካርቦን ጠንካራና ቀላል ነው። ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው ወይም የታሰረ ቦርሳ ለቀናት ሲፈገፍገው ይጎዳል፤ ጥገናውም ባለሙያ ይፈልጋል።

## ፍሬኑስ?

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ቸርኬውን በላስቲክ የሚጨብጠው ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይጠገናል። ጭቃና አቧራ ላይ ግን ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ረዥም ቁልቁለት ላይም ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለተኛው በገመድ የሚሠራ ዲስክ ነው፤ የሚጨብጠው ቸርኬውን ሳይሆን የጎማው እምብርት ላይ የተገጠመ ሳህን ነው። ሦስተኛው በዘይት የሚሠራ ዲስክ፤ በሁለት ጣት ያቆማል፣ እጅ አያደክምም። የዘይቱ ፍሬን አስተማማኝ ነው። ከፈሰሰ ግን የራሱን ዘይትና መሣሪያ ይፈልጋል። የመኪና ፍሬን ዘይትም ለሁሉም አይሆንም። ለምሳሌ ሺማኖ የተባለው የጃፓን አምራች የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪናው ዘይት ጎሚኒውን ያበላሽበታል። ሩቅ ገጠር ለሚገባ ሰው በገመድ የሚሠራው ዲስክ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ገመድ ሲበጠስ በየትኛውም ከተማ ገመድ አይጠፋም። የየትኛውም ይሁን፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ ሸራ ያዙ። በክረምት ጭቃ ሸራ ያልቃል።

## ሞላ ያስፈልጋል?

ጥሩ ሞላ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ እጅን ያሳርፋል። ርካሽ ሞላ ግን ሁለት ኪሎ ብረት ከመሆን አያልፍም። ጥሩውም ቢሆን በየጊዜው ተፈትቶ ዘይቱ ይቀየራል። ፊት ለፊት ዕቃ መጫንም ያስቸግራል። ሰፊ ጎማ በልኩ ተነፍቶ ብዙውን ሥራ ስለሚሠራ፣ ለጉዞ ሞላ የሌለው ፎርክ ይበቃል። ከኋላም ሞላ ያለውን ለተራራ ውርድ ስፖርተኞች ተዉላቸው።

## ዕቃው የት ይጫናል?

ብስክሌት እንደ አህያ ነው፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ከተቆለለ ይንገዳገዳል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ፣ ወደ መሀል ተጠግቶ ይቀመጥ።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። የቆየው ዕቃ መጫኛ ገጥሞ በግራና በቀኝ ቦርሳ ማንጠልጠል ነው። ብዙ ይይዛል፤ ወር ለሚፈጅ ጉዞ ጥሩ ነው። አዲሱ ቦርሳውን ፍሬሙ መሀል፣ ከመሪው ፊትና ከመቀመጫው ኋላ በማሰሪያ ማሰር ነው። ዕቃ መጫኛ ስለሌለው የሚሰበርም የሚንኳኳም ነገር አይኖረውም። ቀጭን መንገድ ላይም ቁጥቋጦ አይዘውም። የሚይዘው ግን ጥቂት ነው፤ ዕቃችሁ ከ12 ኪሎ በላይ ከሆነ ይጠብባችኋል።

የተሸበሸበ ፒስታ ብሎን ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ዕቃ መጫኛ ማታ አንድ ብሎን ጎድሎት ብታገኙት አይግረማችሁ። ማታ ማታ ብሎኖቹን በመፍቻ መንካት፣ ጥቂት ትርፍ ብሎንና የፕላስቲክ ማሰሪያ መያዝ ነው። ውሃስ? ቆላ ውስጥ ለአንድ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሊትር ይዞ መውጣት የተለመደ ነው፤ ያ ብቻውን ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ነው። ስለዚህ ፍሬሙና ፎርኩ ላይ የጠርሙስ ማሰሪያ ቀዳዳ ስንት እንዳለ ቁጠሩ።

ስልክ ለመሙላት ፊት ጎማው እምብርት ላይ የሚገጠም ዲናሞ አለ። ደህና ፍጥነት ላይ ሦስት ዋት ያህል ይሰጣል። ዳገት ላይ እየዳኸ ላለ ሰው ግን ብዙም አይሞላም። ለደጋ አገር ጉዞ ፓወር ባንክ ይዞ ማደሪያ ቦታ መሙላት ይቀላል።

## አገር ውስጥ ልግዛ ወይስ ላስመጣ?

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ ብስክሌት ከድሮም የተለመደ ነው፤ መካኒኮቹም እጃቸው የተፈታ ነው። ለ26 ኢንች ማውንቴን ዕቃ አይጠፋም። ርካሹ ብስክሌት የሚሸነፈው በኋላ ጎማው አክስል ነው። የኋላው ጥርስ እምብርቱ ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ፣ ኩሽኔታው ከዳሩ ወደ ውስጥ ይርቃል። አክስሉ ያለ ድጋፍ ይቀርና ጭነት ሲበዛበት ይጎብጣል፣ ይሰበራል። ካሴት የሚባለው ዓይነት ኩሽኔታውን ወደ ዳር ስለሚያወጣ ይችላል። ስትገዙ "ካሴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ኋላ ቸርኬው ላይም ቢያንስ 32 ሽቦ ይኑር፤ 36 ከሆነማ እሰየው።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላላችሁ፣ ጥሩው ግዢ ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ማውንቴን ነው። ክሮሞሊ ፍሬም፣ ሞላ የሌለው ፎርክ፣ 26 ኢንች፣ ከፊት ሦስት ባለ ጥርስ ክብ። አሜሪካም አውሮፓም ጋራዥ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠ ሞልቷል። ጎማ፣ ገመድ፣ ካቴናና ሸራ ቀይራችሁ ትነሳላችሁ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላስመጣ የሚል ግን ባትሪውን ያስብ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊትየም ባትሪ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ የብስክሌቱ ባትሪ ደግሞ የዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ትንሿን ነገር አስመጡ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚንጠለጠልባት አንዲት ቁራጭ አሉሚኒየም አለች። ብስክሌቱ ሲወድቅ ቀድማ እንድትጎብጥ ሆና የተሠራች ናት። ለየብስክሌቱ ቅርጿ ይለያያል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። እሷ ከተሰበረች ሙሉው ብስክሌት ይቆማል። ሁለት ትርፍ ይኑራችሁ፤ የካቴና ማያያዣ፣ ጥቂት የቸርኬ ሽቦና የፍሬን ሸራም አብሮ ይምጣ።

## ልኩን እንዴት አውቃለሁ?

ፍሬሙን በሁለት እግራችሁ መሀል አድርጋችሁ ስትቆሙ ከላይኛው ቱቦ በላይ ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ በትንሹ ብቻ ይታጠፍ። እጃችሁ መሪው ላይ ሲደርስ ክርናችሁ የላላ ይሁን፤ ከተወጠረ ፍሬሙ ረዝሞባችኋል። የእሽቅድድም ሰዎች ዝቅ ብለው ነው የሚነዱት፤ እናንተ ግን በቀን ስድስት ሰዓት ስለምትቀመጡ መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ቢል ይሻላል። መሪው ቀጥ ያለ ከሆነ ድንጋይ ላይ መቆጣጠር ይቀላል፤ የተቆለመመው ደግሞ እጅን የሚያሳርፉበት ብዙ ቦታና ከነፋስ መደበቂያ ይሰጣል። ይህ የምቾት ጉዳይ ነው፤ ማንም አይወስንላችሁም።

## ከመውጣቴ በፊት በምን ልፈትነው?

ባዶውን ሳይሆን ጭናችሁት ፈትኑት። አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት በቂ ነው። ድንኳኑን፣ ውሃውን፣ ምግቡን ሁሉ ጭናችሁ ውጡ። ግማሽ ሳትደርሱ ቀላሉ ማርሽ ካለቀባችሁ የፊቱን ጥርስ በትንሽ አስቀይሩ። ስትወርዱ መሪው ከተርበተበተ ጭነቱን ዝቅ አድርጉና ወደፊት ጥቂት አምጡ። ተረከዛችሁ የኋላውን ቦርሳ ከነካ ቦርሳውን ወደ ኋላ ግፉት፤ ቦታ ከሌለው ፍሬሙ ለዚያ ቦርሳ አጥሯል ማለት ነው። ከተማ ስትገቡ አንድ ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ አስነፉ፤ ማገናኛዋ መሥራት አለመሥራቷ እዚያው ይታወቃል።